አንዲት ቃል አልመለሱለትም

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

በከተራ ታቦቱን አጅበን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ስንወርድ ያየሁት ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ነጠላውን አጣፍቶ ይሄድ ነበር። ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች ጋር ይሮጣል፤ ታቦቱ ሲቆም በጉልበቱ ይወድቃል፤ እንባውንም አይቻለሁ። መሐል ላይ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘይት የለም በላቸው። ጓዳ ያለውን እንዳትነካው፣ ከበዓሉ በኋላ ይጨምራል» አለና ስልኩን ኪሱ ከትቶ መዝሙሩን ቀጠለ።

እንባው የውሸት ነበር አልልም። ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ጥር 6 የነቢዩ ኤልያስን ዕርገት አስበን ነበር። በቀርሜሎስ ተራራ ሕዝቡን የጠየቀውን ታስታውሳላችሁ፤ «እስከ መቼ ድረስ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ?» (1ኛ ነገ. 18፥21)። ቀጥሎ ያለችው ቃል ሁሌም ታስጨንቀኛለች፤ «ሕዝቡም አንዲት ቃል አልመለሱለትም።»

ምን ይመልሱ? እግዚአብሔርን ክደናል ብለው አያውቁም። በኣል በከነዓናውያን ዘንድ የዝናብና የነጎድጓድ አምላክ ይባል ነበር፤ ለገበሬ ደግሞ ዝናብ ማለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ከግብፅ ያወጣቸውን አምላክ ለበዓል ያዙት፣ በኣልን ለእርሻቸው። እኛስ? እግዚአብሔርን ለቅዳሴ፣ ለክርስትና፣ ለፍትሐት እንፈልገዋለን፤ ለትዳራችን ጠንቋይ ቤት፣ ለጉዳያችን ጉቦ፣ ለንግዳችን የተዛባ ሚዛን አለን። ዓርብ ቅቤ በስህተት ቢነካው የሚደነግጥ ሰው የሠራተኛውን ደመወዝ ሦስት ወር ይዞበት በሰላም ይተኛል። ወገኖቼ፣ ይህ ምን ዓይነት ጾም ነው?

ዝናብ መፈለጋቸው ኃጢአት አልነበረም። ኋላም ዝናቡን የሰጣቸው ያው እግዚአብሔር ነው። ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ልብ በሉ። ሰማዩ ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ንጉሡ አክዓብ እንኳ ለፈረሶቹና ለበቅሎዎቹ ሣር ፍለጋ ወጥቷል። በዚያ ድርቅ ኤልያስ በ12 ድንጋይ መሠዊያ ሠርቶ አራት ጋን ውኃ አምጥታችሁ አፍስሱበት አለ። ድገሙ አለ። ሦስተኛም አፍስሱ አለ። ከንፈሩ የደረቀ ሕዝብ ቆሞ እያየ፣ ሁሉም የሚሳሳለት ውኃ በእንጨቱ ላይ ወርዶ ጕድጓዱን ሞላ። መሥዋዕቱን የበላው እሳት ከሰማይ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሰው እጅ የምታህለው ደመና የታየችው ደግሞ ከእሳቱም በኋላ። እኛ ግን ደመናዋን አስቀድመን ካላየን ጋናችንን አናጋድልም። «ልጆቼ ይደጉ፣ ቤቱ ይለቅ፣ ከዚያ በእውነት እነግዳለሁ» እንላለን። ይህን ያልኩባቸው ቀናት እኔም አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በስልኩ ማዶ የነበርከው ወንድሜ ግን አንተን ሳስብ ልቤ ይራራል። ደመወዝህ በዚያ ሰው እጅ ነው። አብድዩን አስበው፤ የአክዓብ የቤቱ አዛዥ ነበር፣ የዕለት እንጀራውን የሚበላው ከዚያ ቤት ነበር። የአክዓብ ሚስት ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ስታስገድል ከእነርሱ መቶውን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸገ፤ በዚያ ድርቅ እንጀራና ውኃ እያቀረበ መገባቸው። አሠሪህ እንጀራውን ሸሽግ ይልሃል፤ አብድዩ የሸሸገው ሰዎቹን ነበር፣ እንጀራውንማ አወጣላቸው። ኤልያስም ሲያገኘው ከዚያ ቤት ውጣ አላለውም።

«የለም በል» ስትባል ምላስህ እንደሚተሳሰር አውቃለሁ። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ ብቻህን አትሸከመው። አብድዩም «አክዓብ ይገድለኛል» ብሎ ኤልያስን ለምኖታል። መጽሐፉ ይህን ፍርሃቱን አልደበቀበትም፤ ስሙን ገና ሲያነሣ ግን «እግዚአብሔርን እጅግ ይፈራ ነበር» ብሎ ጽፎለታል።