በአሜሪካ ለሌላ ሰው መሣሪያ መግዛት፦ ስጦታ ሌላ፣ ውክልና ሌላ

"ለወንድሜ ሽጉጥ ልግዛለት?" የሚለው ጥያቄ አሁንም አሁንም ይነሳል። ዋናው ነገር ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነው።

በራስህ ገንዘብ ገዝተህ በስጦታ ብትሰጠው፣ እሱም መያዝ ካልተከለከለ፣ የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል። ብሩን እሱ ልኮልህ በስምህ ከገዛህ ግን ወንጀል ነው። ሱቅ ውስጥ የምትሞላው ቅጽ 4473 "ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?" ይልሃል። "አዎ" ካልክ ዋሸህ።

አንድ የቨርጂኒያ የቀድሞ ፖሊስ አጎቱ 400 ዶላር ቼክ ልኮለት ግሎክ የሚባል ሽጉጥ ገዛለት። ሁለቱም መያዝ የሚፈቀድላቸው ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ግን 5 ለ 4 ፈረደበት። ልክ ነው እላለሁ፤ እውነተኛው ገዢ ካልተመረመረ ሱቁ መሣሪያ ከመሸጡ በፊት የሚያደርገው የገዢ ምርመራ ምን ይጠቅማል?

ይህ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ በሁሉም ግዛት ያው ነው። ስጦታው የሚተላለፍበት መንገድ ግን እንደየግዛቱ ይለያያል። ወንድምህ ሌላ ግዛት ከሆነ ግን የትም ሁን፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል አስተላልፍለት።