ፊርማው የአለቃው ነው፦ በአሜሪካ የመንግሥት ውል ውስጥ የኩባንያ ኃላፊዎች ተጠያቂነት

አሜሪካ ውስጥ ለፌዴራል መንግሥት የሚሸጥ ኩባንያ ዋናው ጣጣው የሚጀምረው ጨረታውን ካሸነፈ በኋላ ነው። ሥራው የሚመራው እ.አ.አ. በ1984 ተግባራዊ በሆነው የፌዴራል ግዥ ደንብ ነው፤ የሙያው ሰዎች በአጭሩ «ፋር» ይሉታል። ብዙ አለቆች ይህን ደንብ ማክበር የሕግ ክፍሉና የሒሳብ ሠራተኞች ሥራ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዞሮ ዞሮ አለቆቹ ጋ ይመጣል።

በምን በኩል ቢሉ፣ በፊርማ። መንግሥት ለሥራው የወጣውን ወጪ በሚተካባቸው ውሎች ኩባንያው የኪራይና የአስተዳደር ወጪውን ድርሻ በየዓመቱ አስልቶ ያቀርባል። የማረጋገጫው ሰነድ ላይ መፈረም የሚችለው ቢያንስ ምክትል ፕሬዚዳንት ወይም የፋይናንስ ኃላፊ ነው። «የማይፈቀድ ወጪ አልገባበትም» ብሎ ነው የሚፈርመው። የመጠጥ ሒሳብ ደግሞ አይፈቀድም። እራት ላይ የተከፈተች ወይን «የስብሰባ ወጪ» ተብላ ሾልካ ከገባች፣ ከገንዘቡ መመለስ በላይ ቅጣት ሊከተል ይችላል።

ከወይኑ ይልቅ ብዙ ጣጣ ያለው ግን የሥራ ሰዓት መመዝገቢያው ነው። አንድ መሐንዲስ ሙሉ ቀን የሠራው ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ በተወሰነ ውል ላይ ነው እንበል፤ የዚያ ውል በጀት አልቋል። የቅርብ አለቃው መጥቶ «ስምንቱን ሰዓት እዚያኛው ላይ ጻፈው» ይለዋል፤ እዚያኛው ማለት መንግሥት ወጪውን የሚተካበት ውል ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ማንም ኪሱ የከተተው ገንዘብም የለም፣ ግን በሐሰት ክፍያ መጠየቅ ነው።

ይህን የሚቀጣው ሕግ የ1863 ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ነጋዴዎች ለሠራዊቱ የታመመ ፈረስና የተበላሸ ቀለብ እየሸጡ ስላስቸገሩ ነበር የወጣው። ዛሬ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። አላወቅኩም ማለትም ብዙ አያዋጣም፤ ሆን ብሎ ዓይንን መጨፈንም ሆነ ከልክ ያለፈ ቸልተኝነት በሕጉ እንደ ማወቅ ይቆጠራል። የጠቆመው ሠራተኛ ራሱ በመንግሥት ስም መክሰስ ይችላል፣ ከተመለሰው ገንዘብም ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ቅሬታ ይዞ የመጣን ሠራተኛ ገፍቶ ማስወጣት፣ በእኔ እይታ፣ አለቃ ከሚሠራቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

አለቃው ራሱ ሲያጠፋማ የቦይንግ ጉዳይ አለ። የፋይናንስ ኃላፊው ማይክል ሲርስ የቦይንግን ውሎች ከምትቆጣጠር የአየር ኃይል ባለሥልጣን ጋር፣ ገና ሥልጣን ላይ ሳለች፣ ስለ ቅጥር ተነጋገረ። በኅዳር 2003 ተባረረ፣ በኋላም 4 ወር እስር ተፈረደበት። ባለሥልጣኗም ታሰረች። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፊል ኮንዲት ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ፤ ኩባንያው በ2006 ይህንና ሌላ ጉዳይ ለመዝጋት 615 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዝም ማለትም ያስጠይቃል። ባለቤት፣ ዳይሬክተር ወይም ዋና ሥራ አስኪያጅ የማጭበርበር ወይም የጉቦ ተዓማኒ ማስረጃ እያየ በጊዜው ለመንግሥት ካላሳወቀ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ እስከ 3 ዓመት ድረስ ኩባንያው በዚህ ብቻ ከመንግሥት ሥራ ሊታገድ ይችላል። እገዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ዓመት አይበልጥም፤ ገቢው በሙሉ ከመንግሥት ለሆነ ድርጅት ግን ያው መዘጋት ነው። ትንንሽ ኩባንያዎች ከአንዳንድ የውስጥ ቁጥጥር ግዴታዎች ነፃ ናቸው። ከማሳወቁ ግን አያመልጡም።