ከቦታው ጋር የሚሄደው ውል፦ ኮቨናንት በአሜሪካ እንዴት ይፈጸማል?

ኮቨናንት ማለት ባለቤቱ በገዛ ቦታው ላይ ምን ማድረግ እንደማይችል የሚወስን ውል ነው። ከቦታው ጋር ስለሚመዘገብ ቤቱን ስትገዛ አብሮ ይመጣል፤ አንብበህ ፈረምክም አልፈረምክም ያስርሃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው እንግሊዝ ነው። ቱልክ የተባለ ባለቤት በ1808 የለንደኑን ሌስተር አደባባይ የአትክልት ቦታ ሲሸጥ፣ አትክልቱ እንዳለ እንዲቆይ ገዢውን አስፈረመ። ቦታው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሞክሴይ ጋር ደረሰና እሱ ልገንባበት አለ። ግን ውሉን እያወቀ ነው የገዛው። በ1848 ፍርድ ቤት አገደው።

አሜሪካ ውስጥ ይኸው ውል ጥቁሮችን ከሰፈር ማባረሪያ ሆነ። ዋሽንግተን ዲሲ ብራያንት ጎዳና ላይ፣ ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ዩ ስትሪት ብዙም ሳይርቅ፣ በ1906 የተጻፈ ውል ቤቶቹ ለጥቁር እንዳይሸጡና እንዳይከራዩ ይከለክል ነበር፤ ቅጣቱም 2,000 ዶላር። የኸርድ ቤተሰብ በ1944 ከቤቶቹ አንዱን ገዙ። ጎረቤቶች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም ሽያጩን ሰርዞ በ60 ቀን ውስጥ ልቀቁ አላቸው። ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያደረሰው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት እንደ አዲስ ያነጸው ታላቁ ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነው። ሜይ 3 ቀን 1948 አሸነፈ። በዚያው ቀን በተወሰነው ተመሳሳይ ክስ፣ በሴንት ሉዊሱ የሼሊ ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤቱ ያለው ነገር እስካሁን የሚጠቀስ ነው፦ ሰዎች በመካከላቸው ቢስማሙም፣ እንዲህ ያለውን ውል ዳኛ ካስፈጸመው አድሎውን የፈጸመው መንግሥት ራሱ ነው። ስድስቱም ዳኞች ተስማሙ። ሦስቱ አልተቀመጡም፤ የራሳቸው ቤት እንዲህ ያለ ውል ስለነበረበት ነው ይባላል። በ1968 የወጣው ሕግ ደግሞ የቤት ሽያጭና ኪራይ አድሎን ራሱን ከለከለ።

የቀሩት ገደቦች ግን ዛሬም ይሠራሉ፣ የአጥር፣ የቀለም፣ የመኪና ማቆሚያ። የሚያስፈጽመው ብዙ ጊዜ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ሰዎች ኤችኦኤ የሚሉት ነው። መጀመሪያ አስተካክል የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ማኅበሩ ከመቅጣቱ በፊት ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት አሳውቆ ሊሰማህ ይገባል። ለአንድ ጥፋት እስከ 50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን እስከ 10 ዶላር ቢበዛ ለ90 ቀን ያስከፍላል። ካልከፈልክ ዕዳው ቤቱ ላይ ይመዘገባል። ማኅበር ባይኖርም ጎረቤት ራሱ ከስሶ የእግድ ትእዛዝ ሊያወጣብህ ይችላል።

መከራከሪያም አለ። ሌሎች ሲጥሱት ለዓመታት ዝም የተባለን ገደብ ድንገት በአንተ ላይ ብቻ ማንሳት ፍርድ ቤት ላያስኬድ ይችላል። የአገር ቤት ቴሌቪዥን ለምናይ ደግሞ ዋናው ይኼ ነው፦ ከ1996 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ የራስህ ብቻ በሆነ ቦታ ላይ ያቆምከውን ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ዲሽ፣ ውሉ ምንም ቢል፣ ለደኅንነት ወይም ለታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ካልሆነ በቀር ማኅበሩ ሊከለክልህ አይችልም።