የሳይንስ ኦሎምፒያድ ማጣሪያና ዝግጅት በሰሜን ሸዋ

የሳይንስ ኦሎምፒያድ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ተማሪዎች በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና በኢንፎርማቲክስ (በኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ) የሚወዳደሩበት ፈተና ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ቀዳሚው የሒሳቡ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማኒያ ላይ ተጀመረ። ፊዚክስ በ1967፣ ኬሚስትሪ በ1968፣ ኢንፎርማቲክስ በ1989፣ ባዮሎጂ በ1990 ተከተሉት። በአህጉር ደረጃም ከ1987 ጀምሮ የመላው አፍሪካ የሒሳብ ኦሎምፒያድ አለ። አንድ አገር ለዓለም አቀፉ የሒሳብ ውድድር እስከ 6፣ ለፊዚክስ እስከ 5፣ ለሌሎቹ ሦስቱ እስከ 4 ተማሪ ይልካል።

በትምህርት ቤቶቻችን የተለመደው የጥያቄና መልስ ውድድር ከዚህ ይለያል። በጥያቄና መልስ ቀድሞ እጁን ያወጣ፣ ዓመተ ምሕረትና ቀመር በቃሉ የያዘ ያሸንፋል። ኦሎምፒያድ ላይ ጭብጨባም ሰልፍም የለም፤ ተማሪው አራትና አምስት ሰዓት ተቀምጦ ጥቂት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይፈታል። የሁለቱን ልዩነት ሳይረዱ ለማጣሪያ ተማሪ የሚመርጡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ፈጣኑን ይልኩና ታጋሹን ያስቀራሉ።

ማጣሪያው በተለመደው አሠራር ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ከክፍል መምህራንና ከሒሳብና ሳይንስ ክበብ በሚመጣ ጥቆማ፣ የአንደኛ መንፈቀ ዓመት ሮስተር አይቶ፣ አጭር ፈተና ሰጥቶ ተማሪዎችን ይለያል። ከዚያ በጉድኝት (በተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ወይም በወረዳ፣ ቀጥሎ በዞን፣ ቀጥሎ በክልል ይፈተናሉ። የዞኑ መቀመጫ ደብረ ብርሃን፣ የክልሉ ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ቀኑና ኮታው በየዓመቱ በደብዳቤ ስለሚወሰን፣ ደብዳቤው ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እስኪደርስ መጠበቅ ዝግጅቱን ወደ አንድ ሳምንት ሩጫ ይቀይረዋል። ሥራውን በመስከረም የጀመረ ክበብ ደብዳቤው ሲመጣ የሚጨምረው የስም ዝርዝር ብቻ ነው።

ርቀቱም ቀላል አይደለም። ከዓለም ከተማ፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከአጣዬ የሚመጣ ተፈታኝ ዋዜማውን ደብረ ብርሃን ማደር አለበት፤ ሌሊት ተነስቶ በመኪና ሲንገላታ አርፍዶ የሚደርስ ልጅ የመጀመሪያውን ሰዓት በድካም ያጣዋል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወጡ ልጆች በታኅሣሥና በጥር ጃኬት ካልያዙ ጣታቸው ደንዝዞ እስክሪብቶ መጨበጥ ያቅታቸዋል። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ አዳራሽ የተቀመጠ ያውቀዋል።

የሒሳቡ ፈተና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑ 3 ጥያቄ በ4 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። እያንዳንዱ ጥያቄ 7 ነጥብ ስላለው ድምሩ 42 ነው። መስኮቹ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ የቁጥር ንድፈ ሐሳብና ኮምቢናቶሪክስ (የአቆጣጠርና የአመራረጥ ስልት) ናቸው። ካልኩለስ አያስፈልግም፤ ስለዚህ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍን ቀድሞ መጨረስ ብዙም አይረዳም። የሚጎድለው ሌላ ነው፦ ልጆቹ ከታች ጀምሮ የለመዱት ምርጫ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ምርጫ ነው። ትክክለኛውን ፊደል ማጥቆር የቻለ ልጅ ለምን ትክክል እንደሆነ ጻፍ ሲባል ይደናገራል።

አንድ የታወቀ መለማመጃ እንውሰድ። ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች 51 ቢመረጡ፣ ከተመረጡት መካከል ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች እንደሚኖሩ አረጋግጥ። ብዙ ልጆች «1፣ 3፣ 5 እያልን እስከ 99 ብንወስድ 50 ይሆናል፤ 51ኛው የግድ ተጋማሽ ስለሆነ ከአንዱ ጋር ይከታተላል» ብለው ይጨርሳሉ። ይህ አንድ ምርጫ ብቻ ነው የሚያየው። መራጩ በጎዶሎ ባይጀምርስ? እያቀላቀለ ቢወስድስ? ሙሉ መልስ ቁጥሮቹን (1፣2)፣ (3፣4) እያለ እስከ (99፣100) በ50 ጥንድ ይከፍላል፤ 51 ቁጥር በ50 ጥንድ ውስጥ ሲገባ ቢያንስ አንድ ጥንድ ሁለቱም አባላቱ ይመረጣሉ፣ እነሱም ተከታታይ ናቸው። ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ጥያቄው ገብቶታል፣ መልሱም እውነት ነው፣ ነጥቡ ግን ከዜሮ ብዙ አይርቅም። አራሚው ምሳሌን እንደ ማረጋገጫ አይቀበልም።

ስለዚህ ጥሩ የሚባለው ልምምድ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ብቻ ወስዶ እያንዳንዱን አጥርቶ መጻፍ ነው። ተማሪው መጀመሪያ በራፍ ወረቀት ይሞክራል፣ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጣል፣ ጓደኛው ደግሞ «ይህ ከየት መጣ?» እያለ በቀይ ያርመዋል። አርባ ጥያቄ ያለበት ዎርክሺት ማደል ለማትሪክ ይጠቅም ይሆናል፤ እዚህ ግን ልጁ ሳያስብ መሮጥ እንዲለምድ ያደርገዋል። መልሱን ቶሎ ገልጦ ማየትም ያው ነው። ከአንድ ጥያቄ ጋር ሁለት ሰዓት ታግሎ ያልፈታ ልጅ መልሱን በሦስት ደቂቃ ካነበበው የበለጠ ተምሯል።

ፊዚክስ በዓለም አቀፉ ደረጃ 5 ሰዓት የንድፈ ሐሳብና 5 ሰዓት የሙከራ ፈተና አለው፤ ነጥቡም 30 እና 20 ሆኖ ይከፈላል። የእኛ ልጆች በብዛት የሚወድቁት በሙከራው ነው። ቤተ ሙከራ አለመኖሩ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ ያለውም ቢሆን ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ ተቆልፎ ይከርማል። ይሁንና በክርና በድንጋይ ብዙ መሥራት ይቻላል። የፔንዱለም ሙከራ ለዚህ ይበቃል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ላይ ትንሽ ከባድ ነገር ይታሰራል፣ ከ10 ዲግሪ ባልበለጠ ማዕዘን ይለቀቃል፣ የ20 ውዝዋዜ ጊዜ በስልክ ስቶፕዋች ይለካል። ደብረ ብርሃን ላይ 40.2 ሰከንድ ገደማ ይወጣል፤ ከዚያ የሚሰላው የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 9.77 አካባቢ ነው፣ ከተማዋ ከፍታ ላይና ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ብላ ስለምትገኝ ከ9.8 በጥቂቱ ያንሳል።

ስህተቱ የሚገባባቸው በሮች ይታወቃሉ። ሲለቀቅ «አንድ» ብሎ መቁጠር የጀመረ ልጅ 20 ሲል በእውነቱ የቆጠረው 19 ነው፤ ውጤቱ 10.8 ይሆናል። መጀመር ያለበት ከ«ዜሮ» ነው። ርዝመቱን እስከ ቋጠሮው ለክቶ እስከ ድንጋዩ መሐል ያለውን 1 ሳንቲ ሜትር የተወ በ1 በመቶ ይሳሳታል። ማዕዘኑን 30 ዲግሪ ያደረገ ውጤቱ ከ3 በመቶ በላይ ይዛባል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ ለክቶ ለተወ ደግሞ የጣቱ መዘግየት፣ 0.2 ሰከንድ ያህል፣ ከውጤቱ አንድ አምስተኛውን ሊያዛባ ይችላል፤ 20 የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ተፈታኙ እነዚህን በቁጥር ጽፎ «ስህተቴ ከዚህ እስከዚህ ነው» ሲል ነጥብ ያገኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ያዩትን ትቶ መጽሐፍ ያለውን መጻፍ ነው። ውኃ ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በ96 ገደማ ይፈላል፤ የአየር ግፊቱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳልና። ቴርሞሜትሩ 91 እያሳየው «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ 100 የሚጽፍ ጎበዝ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። ሁለቱ ከተሞች አንድ መንገድ ላይ ስለሆኑ የሁለቱ ክበቦች መረጃ ቢለዋወጡ ጥሩ የሙከራ ሥራ ይወጣዋል።

ለኬሚስትሪ ሙከራ ቢዩሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ቱቦ) ከሌለ የ10 ሚሊ ሊትር መርፌ አልባ ሲሪንጅ ይተካል። ከሱቅ የሚገዛ አቼቶ 5 በመቶ አሲድ ከሆነ በ10 እጥፍ ቀጥኖ፣ ከእሱ 10 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታይትሬት (አሲዱ እስኪያልቅ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመርበት) 8.3 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይጨርሳል። ቀለሙን ቀይሮ ማለቁን የሚያሳይ አመልካች ከጠፋ የተቀቀለ ቀይ ጥቅል ጎመን ውኃ ይሠራል። መነጽርና ጓንት ግን በምንም አይተካም። ባዮሎጂ ላይ ማይክሮስኮፕ ማስተካከልና ዕፅዋትን በመለያ ቁልፍ፣ ማለትም ባሕርያቸውን ደረጃ በደረጃ በሚጠይቅ ዝርዝር፣ መለየት ዋናዎቹ ናቸው፤ ለመንዝ ልጆች የጓሳ ሣርና ጅብራ በደጅ አሉ። ኢንፎርማቲክስ ያለ ኮምፒውተር አይሆንም፦ ሁለት ቀን፣ በየቀኑ 5 ሰዓት፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም መጻፍ። መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ ስልተ ቀመሩን በወረቀት ላይ መሥራት፣ ኮምፒውተሩን ለመፈተሻ ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል። የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ከተማ የሄደ መምህር በፍላሽ ቢያመጣቸው ለመላው ጉድኝት ይዳረሳል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆነ ቤተ ሙከራ ለመጠየቅ በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተደረገበት የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ ያዋጣል፤ ቀን ሲያዝ የፈተና ሳምንታትን መራቅ ነው።

ክፍልን በተመለከተ 10ኛና 11ኛ ይመረጣሉ። ዓለም አቀፎቹ ውድድሮች በአብዛኛው በሐምሌ አካባቢ ስለሚውሉ ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጋር ይጋጫሉ፣ ይህን አደጋ የሚፈቅድ ወላጅም ጥቂት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄውን በዚያው መለማመድ ይቻላል። ዓለም አቀፍ ፈተና ላይ ግን ወረቀቱን ወደ ተማሪው ቋንቋ የሚተረጉመው የቡድኑ መሪ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ የሚያስብ ልጅ በአማርኛ ቢጽፍ አይከለከልም።

የዕድሜ ገደቡ በአብዛኛው ከ20 ዓመት በታች ሲሆን፣ መቁጠሪያው ቀን እንደ ውድድሩ ይለያያል። በገጠር ቀበሌ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ፣ ወይም በጸጥታ ችግር ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ 19 ዓመት ሊሆነው ይችላል፤ መምህሩ ይህን ቀድሞ ማየት አለበት። የልደት ቀን ሲቀየርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 15 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2006 ነው፤ አንድ ወር ዘግይቶ ጥር 15 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 23 ቀን 2007 ይሆናል። ለሁሉም 8 የሚደምር ጸሐፊ የመጀመሪያውን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ትራንስክሪፕቱና ፓስፖርቱ ላይ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ልዩነት ከተገኘ ማስተካከያው የሚጀምረው ከቀበሌ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነውና ከክልል ማጣሪያ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።