ስፖንጅ ፊልተር ምንድን ነው? ለዓሣ ጫጩቶችስ ለምን ይመረጣል?

ጉፒ የምትባለውን ትንሽ የጌጥ ዓሣ ያረባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማታ ሆዷ ተነፍቶ የነበረች እናት ጠዋት ቀጥና ትገኛለች። የገንዳው ጥግ ላይ ደግሞ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ጥቃቅን ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ። በማግስቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ሌላ ቀን ሲያድር የቀሩት ጥቂት ናቸው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ ያላክካል። እርግጥ ነው፣ ጉፒ የራሷን ልጆች ትበላለች። ግን ጫጩቶቹን ለብቻቸው ገንዳ አውጥቶም የሚያልቁበት ሰው አለ። ያኔ መታየት ያለበት ፊልተሩ ነው።

ስፖንጅ ፊልተር ከማጣሪያዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። መሀሉ የተበሳ ስፖንጅ አለ። በቀዳዳው ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል። ከገንዳው ውጭ ከተቀመጠ የአየር ፓምፕ ቀጭን ጎማ ይመጣና አየሩን ቱቦው ሥር ይለቀዋል። አረፋው በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውንም ይዞት ይወጣል። በወጣው ምትክ ሌላ ውሃ በስፖንጁ እየተጣራ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር የለውም። ጫጩት ስቦ የሚያስገባ ክፍት አፍም የለውም።

ስፖንጁ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው በዓይን ይታያል፤ የምግብ ትርፍራፊና ኩስ ይይዛል። ሁለተኛው አይታይም፣ ዋናው ግን እሱ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው፣ ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃው ሲሞቅና አልካሊነቱ ሲጨምር ደግሞ መርዛማነቱ ይብሳል። በስፖንጁ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ስለዚህ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ ስትቀይሩ አብሮ ይወጣል። ሥራውን ከሚሠሩት መካከል ስማቸው የሚነሳው ናይትሮሶሞናስ እና ናይትሮስፓይራ ናቸው። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ የሚጣበቁበት ሰፊ ገጽና ኦክስጅን ያለው የሚንቀሳቀስ ውሃ። ስፖንጅ ሁለቱንም ይሰጣቸዋል።

ይህ ጉዳይ በጫጩት ገንዳ ውስጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ጫጩት ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት አለበት። ገንዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ብዙ ምግብ፣ ጥቂት ውሃ። በተለይ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል የምትሰጡ ከሆነ ተጠንቀቁ። ርካሽ ነው፣ ለጫጩት አፍም ይደቅቃል፣ ግን ውሃ የማበላሸት ኃይሉ ከባድ ነው። የመርፌ ጫፍ ታህል ይበቃል። ውሃው ደመና መሰለ ማለት በዝቷል ማለት ነው።

ፊልተሩ ውሃ ወደሚስብበት ጉልበት እንምጣ። አዲስ የተወለደ የጉፒ ጫጩት ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደተወለደ ይዋኛል። እንቁላል ከሚጥሉት፣ ለምሳሌ ከቴትራ የሚፈለፈለው ግን ከዚህም በግማሽ ያነሰ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መዋኘት እንኳ አይችልም፤ ቅጠል ላይ ወይም መስታወት ላይ ተጣብቆ ሆዱ ላይ የቀረለትን የእንቁላሉን አስኳል ይጨርሳል። ለእንዲህ ያለ ፍጡር ገንዳ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ፊልተር ጎርፍ ነው። ቢይዘው ይገድለዋል። ባይይዘውም ቀኑን ሙሉ ከጅረቱ ጋር ሲታገል ለማደግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይጨርሳል። ምግቡም ያመልጠዋል። ለጫጩት ከሚሰጡት ምግቦች ሁሉ ተመራጩ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ማለትም በጨዋማ ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጡር ነው፤ መጠኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ኃይለኛ ፊልተር በደቂቃዎች ውስጥ ጠርጎ ይውጠዋል።

ስፖንጁ ሌላም ጥቅም አለው፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ላዩ በስስ ህያው ሽፋን ይለበሳል። በዚያ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ። ጫጩቶቹ በምግብ ሰዓት መካከል ስፖንጁን ከበው ሲለቅሙ ታያላችሁ። እናንተ ሥራ ላይ ብትሆኑም እነሱ ጨርሶ ጾማቸውን አይውሉም።

በተፈጥሮም ቢሆን ትንሽ ዓሣ የሚያድገው ረጋ ባለ ውሃ ነው። ጎርጎራ ወርዳችሁ የጣናን ዳርቻ ብታዩ፣ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩቶች የሚገኙት ጥልቀቱ ላይ አይደለም፤ ሣርና ቄጠማ ያለበት ጥግ ነው። ከዚያ በፊት እናቲቱ በአፏ ይዛ ታኖራቸዋለች። ቤት ውስጥ ያለው ገንዳም ያንን ጥግ ቢመስል ነው የሚሻለው።

ሌሎቹ ፊልተሮች መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። ከገንዳው ሥር የሚቀመጠው ዝግ ፊልተር ለትልልቅ ዓሦች ግሩም ነው። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ የሚስብበትን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑት፤ ጫጩት አይገባበትም። ከጠጠር ሥር የሚዘረጋውን ግን ለጫጩት አልመክርም። የወደቀ ምግብ ጠጠሩ መሀል ገብቶ ይበሰብሳል። ብዙ ገንዳ ያለው ሰው ደግሞ ከስፖንጅ ፊልተር ዘመድ የሆነውን፣ የሃምቡርግ ማተን ፊልተር የሚባለውን ይሞክር፤ የገንዳውን አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ በስፖንጅ ግድግዳ መጋረድ ነው።

ጎንደር ላይ ሲሆን ምርጫውን የሚወስኑ ተጨማሪ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እዚህ የሚይዘው ከ6 ብዙም አያልፍም። በባሕር ጠረፍ ካለ አገር የተጻፈ ምክር «ይህን ያህል ዓሣ በዚህ ገንዳ ይበቃል» ሲል ይህን አላሰበም። ስለዚህ ቁጥሩን ቀነስ አድርጉ። የስፖንጅ ፊልተር አረፋ የውሃውን ፊት ሳያቋርጥ ስለሚያንቀሳቅስ፣ እያጣራ አየርም ያስገባል። በኛ ከፍታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ዝግ ፊልተር ውስጥ ያለው ውሃ ይቆማል። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅኑን ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ ሲመጣ ያ የገማ ውሃ በቀጥታ ወደ ዓሦቹ ይለቀቃል። ስፖንጅ ግን ገንዳው ውስጥ ክፍት ሆኖ ስለሚቀመጥ ባክቴሪያዎቹ የተሻለ ይቆያሉ። ትንሽ የአየር ፓምፕ የሚወስደውም ከ2 እስከ 5 ዋት ገደማ ነው። በፓወር ባንክ የሚሠራ ፓምፕ ካገኛችሁ ብዙ ሰዓት ያቆያችኋል። አንድ አደጋ ግን ልብ በሉ። ፓምፑ ከውሃው ደረጃ በታች ከተቀመጠ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቀጭኑ ጎማ ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ወደ ሶኬቱ፣ ከዚያ ወደ ወለሉ። መፍትሔው ፓምፑን ከገንዳው ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ወይም ጎማው መሀል ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም አየር ወደ ገንዳው የሚያሳልፍ ውሃ ግን ወደ ኋላ የማይመልስ መክደኛ ማስገባት። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ያለሱ ባትጀምሩ ይሻላል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሁላችንም በበርሜልና በጀሪካን እንይዛለን። ለዓሣ ይህ ልማድ ይጠቅማል። ክሎሪን ለዓሣም ለባክቴሪያም ጠላት ነው፤ ክፍት በርሜል ውስጥ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ያደረ ውሃ ግን ክሎሪኑ በአብዛኛው ይወጣለታል። ክዳኑን ክፈቱት፤ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ በቀላሉ አይወጣም። አየር ፓምፕ ብትከቱበት ደግሞ ይፈጥናል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው አስተጣጠቡ ነው። ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር ይዛችሁ እስኪነጣ ብታጥቡት ባክቴሪያዎቹን ገደላችኋቸው ማለት ነው። ሳሙናማ ጨርሶ አይነካውም። ውሃ ስትቀይሩ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ምንም አይደለም። የሚታጠበው ቆሽሾ ስለታየ ሳይሆን አረፋው ሲዳከምና ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ነው። ሁለት ስፖንጅ ካላችሁ በአንድ ቀን ሁለቱንም አትጠቡ፤ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ስፖንጁን ስትገዙ ቀዳዳውን እዩ። በጣም ከሰፋ ትንንሾቹ ጫጩቶች ይገቡበታል። በጣም ከጠበበ በየጥቂት ቀኑ ይደፈናል። በአንድ ኢንች 30 ቀዳዳ አካባቢ ያለው ለጫጩት ይስማማል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አትጠቀሙ፤ ጀርም የሚገድል ኬሚካል የተነከረ ይኖራል። የፍራሽ ስፖንጅም ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ቢቀር ይሻላል። አዲሱን ውሃ ውስጥ ጨምቃችሁ አየሩን አስወጡለት፣ አለዚያ ይንሳፈፋል። አየሩን ደግሞ በትንሿ መቆጣጠሪያ ቀንሱት። ጫጩቶቹ ሳይታገሉ አንድ ቦታ መቆም ከቻሉ ልኩ እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዝግጅቱ አስቀድሞ ይሁን። አዲስ ስፖንጅ ባዶ ነው። ባክቴሪያው እስኪበዛበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እንደ ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ውሃው ሲበርድ ከዚያም ይዘገያል። ጫጩቶቹ ይህን ያህል አይጠብቁም። ስለዚህ ስፖንጁን አሁኑኑ ከትልልቆቹ ገንዳ ውስጥ ተክላችሁ አሠሩት። ጉፒዋ ስትወልድ እሱን አንስቶ ወደ ጫጩቶቹ ገንዳ ማዛወር ነው። ካለፈው ሊጥ እርሾ አስቀርቶ አዲሱን እንደማብኳት ነው። የጫጩቶቹንም ውሃ ከዚያው ገንዳ ብትቀዱ ለውጥ አይበዛባቸውም።

ስፖንጅ ፊልተር የማይሠራው ሥራም አለ። ናይትሬት አያወጣም፤ ውሃ መቀየሩ አይቀርም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ሙቀቱን አመሳስላችሁ ቀይሩ። ውሃውን እንደ መስታወት አያጠራውም። ፓምፑም ሌሊት ስለሚያጉረመርም ከመኝታ ክፍል ራቅ ይበል። ጫጩቶቹ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላቸው ኩሳቸውም ይበዛል፤ ሁለተኛ ስፖንጅ ጨምሩላቸው ወይም ከትልልቆቹ ጋር ቀላቅሏቸው። የተረፈውን ለሚፈልግ ስጡ እንጂ አንገረብ ወንዝ፣ መገጭ ወንዝ ወይም ጣና ውስጥ አትልቀቁ። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዘመዶች አሉት፤ የእንግዳ ዓሣና የበሽታ ጣጣ አያስፈልጋቸውም።

ጫጩቶቹ ሲወጡ ስፖንጁ አይድረቅ። ወደ ትልልቆቹ ገንዳ መልሳችሁ ሥራውን እንዲቀጥል አድርጉት። ጉፒ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች።