የ«ኮቴጅ ፉድ» ሕግ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ቤትዎ ዳቦ ወይም ብስኩት ጋግረው ለመሸጥ የግድ ሱቅ መከራየት የለብዎትም። ይህን የሚፈቅደው ሕግ «ኮቴጅ ፉድ» ይባላል። በመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት እንዳይመስልዎ፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ነው ያወጣው። ኒው ጀርሲ እስከ 2021 ድረስ ጭራሽ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ሌላ ስቴት የምትኖር እህትዎ «እኔ እኮ እሸጣለሁ» ብትልዎት አይቸኩሉ።

ሰው የሚናደደው ወጥ መሸጥ አይፈቀድም ሲባል ነው። «ኩሽናዬ ከስንቱ ምግብ ቤት ይጸዳል፤ ለምን እከለከላለሁ?» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን በዋናነት የሚያየው የምግቡን ባሕርይ ነው። ባክቴሪያ ለመራባት እርጥበት ይፈልጋል፤ አሲድ አይስማማውም። ብስኩት ደረቅ ነው። ማርማላታ ኮምጣጣ ነው፤ ስኳሩም ውኃውን ይይዝበታል። ሁለቱም ያለ ፍሪጅ ይቆያሉ፤ ስለዚህ በአብዛኛው ይፈቀዳሉ። የሥጋ ወጥ፣ የተቀቀለ ሩዝና ክሬም ያለው ኬክ ግን ከ41 እስከ 135 ዲግሪ ፋራናይት ባለው ሙቀት ላይ ከቆዩ ባክቴሪያ ቶሎ ይራባባቸዋል። ገዢው መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚያቆየው ደግሞ ማን ያውቃል?

በጠርሙስ የታሸገ አትክልት ከሁሉም ያስፈራል። አሲዱ አነስተኛ ከሆነ፣ ማለትም ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከ4.6 ከበለጠ፣ አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ቀምሶ መለየትም አይቻልም።

የተፈቀደውን ሲሸጡም ማሸጊያው ላይ የሚጻፍ አለ፦ የአምራቹ ማንነት፣ የገባበት ነገር ሁሉ፣ ቤት ውስጥ መሠራቱ። አለርጂ የሚያስነሱትን መርሳት አደጋ አለው። በፌዴራል ደረጃ ዋና ዋና የሚባሉት 9 ናቸው፤ ሰሊጥ የተጨመረው በ2023 ነው።

ፈቃዱም ደረጃ አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ «ክላስ ኤ» የሚባለው ተመዝግቦ በቀጥታ ለተመጋቢው ይሸጣል። ለሱቅ ማስረከብ ከፈለጉ «ክላስ ቢ» ያስፈልጋል፤ ያኔ ተቆጣጣሪ መጥቶ ኩሽናዎን ያያል።

ትኩስ ምግብ ለመሸጥ ለቆረጠ ሰው እዚያው ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ ለቤት ኩሽና ሌላ ፈቃድ አለ። የሚሠራው ግን ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ከተቀበለው ብቻ ነው፤ ድስት ከመግዛትዎ በፊት ለካውንቲው ጤና ቢሮ ይደውሉ።