ዘንባባን በማሰሮ ማሳደግ

ዘንባባን በማሰሮ ማሳደግ ከዘንባባ ቤተሰብ የሆኑ ዕፅዋትን ሳሎን፣ በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ በጥቂት አፈር ለዓመታት ተንከባክቦ የማቆየት ልማድ ነው። ቤተሰቡ በሳይንሳዊ አጠራሩ አሬካሴ ይባላል፤ 2,600 ገደማ ዝርያዎች አሉት። የማሰሮ ኑሮ የሚስማማቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ወንዝ ዳርና መንገድ ጠርዝ ላይ ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች እነዚህኑ ጥቂቶች በአንድ ስም «ፓልም» ብለው ይጠሯቸዋል፤ ገዢውም ሙቀት የለመደውን የማዳጋስካር ተክልና ውርጭ የሚችለውን የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ሳይለይ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአገሩ ዘንባባ

በኢትዮጵያ ዘንባባ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ፊኒክስ ሬክሊናታ ነው። የተምር ዛፍ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ወንዝ ዳርና ረግረግ አካባቢ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ እያወጣ ይበቅላል። በአፋን ኦሮሞ ሜጢ ይሉታል፤ በሆሳዕና የግዕዝ ንባብ የሚሰማው ቃል ደግሞ በቀልት ነው። ከቅጠሉ ሰሌን ይሠራል፤ ሰው በሕይወቱ ይተኛበታል፣ ሲሞትም ይጠቀለልበታል። በሆሳዕና ዕለት በቤተ ክርስቲያን ተባርኮ የሚታደለው ለምለም ቅጠልም ይኸው ነው፤ ምእመኑ ግንባሩ ላይ ያስረዋል፣ ልጆች ቀለበትና መስቀል ይሠሩበታል። እንዲህ ያለ ባለታሪክ ተክል ደጃችን እያለ ሳሎናችንን የሞላው ከሌላ አገር የመጣው መሆኑ ትንሽ ያስገርማል።

ለዚህ አንድ በቂ ምክንያት አለ፤ እሾሁ። ከቅጠሉ እግር አጠገብ ያሉት ትናንሽ ቅጠሎች ወደ ረዥምና ጠንካራ መርፌነት የተለወጡ ስለሆኑ ሕፃን በሚሮጥበት ቤት ጥግ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። በረንዳና ግቢ ላይ ግን የአዲስ አበባን ቀዝቃዛ ሌሊትና የደጋ ፀሐይ ያለ ብዙ ጣጣ ከሚችሉት ዘንባባዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። በቆላው የሚበቅለው ዱም የተባለው ዘንባባ በአንጻሩ ሥሩን ገና ከጅምሩ ወደ ጥልቅ ስለሚሰድ ለማሰሮ አይመችም።

የማሰሮ ዘንባባ ታሪክ

በጣልያን የፓዱዋ ከተማ የዕፅዋት ቦታ ውስጥ በ1585 የተተከለ አጭር የሜዲትራንያን ዘንባባ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በ1786 አይቶት ስለ ዕፅዋት ቅርጽ እንዲያስብ ስላነሳሳው በእሱ ስም ይጠራል። በጃፓን በኤዶ ዘመን ራፒስ የተባለውን ቀጭን የቻይና ዘንባባ፣ በተለይም ነጭ መስመር ያለበትን፣ በጌጠኛ ማሰሮ ማሳደግ የባለጸጎች ጨዋታ ነበር።

የዛሬውን ልማድ የወለደው ግን የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ነው። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም በ1829 በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን የተባለ ጥላ ወዳድ ተክል ሲበቅል አይቶ የመስታወት ሣጥን ሠራ፤ በዚህ ሣጥን የሞቃት አገር ችግኝ የባሕር ጨውና ነፋስ ሳያገኘው ወራት የሚፈጅ ጉዞ መጓዝ ቻለ። ከ1844 እስከ 1848 በለንደኑ የኪው የዕፅዋት ቦታ የታነጸው ትልቁ የዘንባባ ቤት፣ ብረትና መስታወት ብቻ የሆነው፣ ሕዝቡን በዘንባባ ፍቅር ያዘው። ፍቅሩ ወደ ሳሎን ሲገባ ግን እንቅፋት ገጠመው። የዘመኑ ቤት ጨለማ ነበር፤ በከሰል ይሞቃል፣ በጋዝ መብራት ጢስ ይታፈናል። አብዛኛው የሞቃት አገር ተክል ይህን አልቻለም።

የቻለው ኬንቲያ ነው። ኬንቲያ በተፈጥሮው የሚገኘው ከአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሎርድ ሃው ደሴት ላይ ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ፣ ሃዌያ፣ ከደሴቲቱ የተወሰደ ነው። በ1880ዎቹ ዘሩን እየለቀሙ ወደ አውሮፓ መላክ የደሴተኞቹ ዋና መተዳደሪያ ሆነ፤ እጅግ ጥቂት ሰው የሚኖርባት ድንጋያማ ደሴት የለንደንን፣ የፓሪስንና የኒው ዮርክን ሆቴሎች አዳራሽ አለበሰች። ንግሥት ቪክቶሪያ ኬንቲያን አብዝታ ትወድ እንደነበርና በ1901 ስታርፍ በአስከሬኗ ዙሪያ እንዲቆም መናዘዟ ይነገራል፤ ኑዛዜው እውነት ይሁን የችግኝ ነጋዴ ወሬ፣ ለገበያው ግን ጠቅሞታል።

በ1918 ማካምቦ የተባለች መርከብ ደሴቲቱ ዳርቻ ላይ ከድንጋይ ተጋጭታ ስትቆም አይጦች ወደ የብስ ወረዱ። የአገሩን ወፎች ከመፍጀታቸው ሌላ የኬንቲያውን ዘር በሉት። ደሴቲቱ አይጦቹን ለማጥፋት ሰፊ ዘመቻ ያካሄደችው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው። እስከ ዛሬ ከዚያ የሚመጣው ኬንቲያ በሌሎች አገሮች ሳሎን እንደ ቆመ ነው። ደሴቲቱ ለሳይንስም ውለታ ውላለች፤ ሁለቱ የሃዌያ ዝርያዎች ባሕር ወይም ተራራ ሳይለያቸው፣ በሚበቅሉበት አፈርና በሚያብቡበት ጊዜ ብቻ ተለያይተው ከአንድ እናት እንደ ተገኙ በ2006 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ዘንባባ ከሳሎን ወጥቶ እንደገና ተመለሰ።

በብዛት የሚያድጉት

ቻሜዶሪያ ኤሌጋንስ ከደቡብ ሜክሲኮ፣ ከጓቲማላና ከቤሊዝ ጫካ የመጣ አጭር ዘንባባ ሲሆን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር የኖረ በመሆኑ ደብዘዝ ያለ ክፍል አይከብደውም። የዚሁ ወገን ቅጠሎች ከመካከለኛው አሜሪካ እየተቆረጡ ለአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የሆሳዕና ዕለት ይሸጣሉ፤ እኛ ግንባር ላይ የምናስረውን እነሱ በእጃቸው ይይዙታል። አሬካ የሚባለውና ግንዱ ቢጫ የሆነው ከማዳጋስካር የመጣ ነው፤ በዓለም ሁሉ ሆቴሎች ሞልቶ ሳለ በትውልድ ቦታው ግን እየተመናመነ ይገኛል። ድንኩ ተምር፣ ፊኒክስ ሮቤሌኒ፣ የላኦስና የቬትናም ወንዞች ዳር ተክል ነው። የባሕር ዳር ከተማ ጎዳናዎችን ያስዋበውን ዓይነት ትልልቅ ዘንባባ በማሰሮ የሚያሳድግ ሰው፣ ተክሉን በውሰት እንደያዘው ይቁጠረው።

በገበያ ላይ አንድ ወፍራም ተክል የሚመስለው ብዙውን ጊዜ አንድ አይደለም። አምራቾች ማሰሮው ቶሎ እንዲሞላ ብዙ ዘር በአንድ ላይ ይዘራሉ። ይህን ጽሑፍ ያጠናቀረው ሰው በቀለም ባልዲ የተሸጠለትን አሬካ አፈሩን አራግፎ ቢቆጥር 14 ችግኝ አገኘ፤ ትርፍ ያገኘ መስሎት በየማሰሮው ለየብቻ ተከላቸው። በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኙ ደረቁ። የዘንባባ ሥር ሲነካካና ሲላቀቅ ይቀየማል፤ ተጨናንቆ የበቀለውን ተጨናንቆ መተው ይሻላል።

አያያዝ

ዘንባባን ከሌላ የቤት ተክል የሚለየው ዋናው ነገር እያንዳንዱ ግንድ አንድ ልብ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከዚያች ከአናቱ ልብ ብቻ ነው፤ እሷ ከተቆረጠች ወይም ከበሰበሰች ግንዱ ጎን አያቆጠቁጥም፣ ይሞታል። ስለዚህ «ቁመቱ በዛ» ብሎ አናቱን መቁረጥ እንደ ጽጌረዳ መግረዝ አይደለም። አዲሱ ቅጠል ተጣጥፎ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ይወጣና ከቀናት በኋላ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል። ተክሉ ሲከፋው መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ጦር ነው፤ በሁለት ጣት ቀስ ተብሎ ሲሳብ ከተነቀለና ጫፉ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ልቡ በስብሷል።

የሚበሰብሰው በአብዛኛው በውሃ ብዛት ነው። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሰማዩ ሲጠቁር ተክሉ የሚጠጣው ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ግን በበጋ ልማዱ ያጠጣዋል። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቶ እርጥበት ከተሰማ መተው ነው። ከማሰሮው ሥር የተቀመጠው ሳህን ላይ ውሃ ሲተኛ ማደር የለበትም። በፈረቃ ምክንያት በጀሪካን ተጠራቅሞ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ስለሚተን ከቧንቧ በቀጥታ ከመጣው ይሻላል፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ የያዘው ፍሎራይድ አይተንም፣ የቻሜዶሪያን ቅጠል ጫፍም ያቃጥላል።

አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ኮትቻ ብቻውን ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል። ቀይ አፈር፣ የበሰለ ኮምፖስትና ደቀቅ ያለ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እኩል ቢቀላቀል ጥሩ ነው። የጀበና አተላ በየቀኑ ማሰሮው ላይ መድፋት የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ አተላው ከላይ ተጋግሮ ውሃ ይከለክላል፣ ትንንሽ ዝንቦችንም ይጠራል። ኮምፖስት ውስጥ ገብቶ ቢመጣ ግን አይከፋም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሁለት ነገር ይገጥማል፤ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። አሬካ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቃል፤ ማታ ከመስኮት መስታወት ራቅ ማድረግ ይገባል። ኬንቲያና ቻሜዶሪያ ይበልጥ ይችላሉ። ከሱቅ ጥላ የመጣ ማንኛውም ችግኝ በአንድ ቀን ወደ በረንዳ ፀሐይ ከወጣ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ቃጠሎ ይታያል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ መለማመድ አለበት። በዋሽንግተን ክረምት ማሞቂያው፣ በዱባይ ደግሞ ኤሲው አየሩን ስለሚያደርቀው በዚያ ላሉ ወገኖች የሚበረታው ፈተና ድርቀት ነው።

በደረቅ አየር ከቅጠሉ ሥር በዐይን ለማየት የሚያስቸግር ሸረሪት መሰል ተባይ ይፈላል፤ ቅጠሉ አቧራ የነካው ይመስላል፣ ቀጭን ድርም ይታያል። ቅጠሉን ከላይም ከታችም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የዕጣንና የከሰል ጥላሸቱንም ያስወግዳል። አሮጌው ቅጠል ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከታየ የፖታስየም እጥረት ነው። ቢጫ የሆነውን ቅጠል ለውበት ሲባል መቁረጥ ስህተት ነው፤ ተክሉ ያጣውን ንጥረ ነገር ከእሱ እየመጠጠ ለአዲሱ ያቀብላልና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ይገባል።

ከፍሬ ማብቀል

ተምር በረመዳን በየቤቱ ስለሚገባ ፍሬውን መትከል ቀላሉ ጅማሬ ነው። ፍሬው ታጥቦ፣ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ሰንብቶ፣ በእርጥብ ሶፍት ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። በሳምንታት ውስጥ የሚወጣው ነጭ ነገር ወደ ታች ብቻ ይወርዳል፤ ቡቃያው የሚነሳው ከፍሬው ራቅ ብሎ ከዚያ ነጭ ጅማት ላይ ነው። ስለዚህ ጥልቅ ዕቃ ያስፈልጋል፤ አፉ የተቆረጠ የሁለት ሊትር ላስቲክ ይበቃል። የመጀመሪያው ቅጠል ዘንባባ አይመስልም፤ አንድ ቀጥ ያለ የሣር ቅጠል ነው፣ ብዙ ሰውም አረም መስሎት ይነቅለዋል። የኬንቲያ ዘር በአንጻሩ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል።

በዓለም ዝነኛው የማሰሮ ዘንባባም የተምር ፍሬ ነው። በእስራኤል ማሳዳ ምሽግ በ1960ዎቹ ቁፋሮ የተገኘና 2,000 ዓመት ገደማ የሆነው ፍሬ በ2005 ኬቱራ በተባለ የጋራ እርሻ መንደር (ኪቡትስ) ማሰሮ ውስጥ ተተክሎ በቀለ፤ «ማቱሳላ» ብለው ሰየሙት። ወንድ ሆኖ ተገኘ። የተምር ዛፍ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ ብቻውን ፍሬ አይሰጥም።

ዘንባባ ያልሆኑና አከራካሪ ነገሮች

ሳይካስ፣ «ሳጎ ፓልም» እየተባለ የሚሸጠው፣ ዘንባባ አይደለም፤ ዝምድናው ለጥድ ይቀርባል፣ ለውሻም መርዝ ነው። ድራሴና፣ ዩካና ኮባም አይደሉም።

ዘንባባ የቤት አየር ያጸዳል የሚለው አባባል በ1989 ናሳ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ባደረገው ሙከራ ላይ የቆመ ነው፤ የቀርከሃ ዘንባባ የሚባለው የቻሜዶሪያ ዓይነት ከተሞከሩት አንዱ ነበር። በ2019 የታተመ ግምገማ ግን መስኮት የሚሠራውን ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ሻጮች አሁንም የመጀመሪያውን ብቻ ይጠቅሳሉ።

ሲያድግ

በኪው በሌላ ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ፣ በ1840ዎቹ ከመጣ የቺሊ ዘር የበቀለው ዘንባባ ጣሪያው ላይ ደርሶ፣ ማዛወር ስላልተቻለ ቤቱ ሲታደስ ተቆረጠ። በቤት ደረጃም ጣሪያ የነካ ዘንባባ አናቱ ስለማይቆረጥ ያለው ምርጫ ወደ መሬት ማውረድ ነው። በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጠና፣ ከማሰሮው ሁለት እጥፍ የሰፋ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሥሩ ማሰሮውን ከሞላ ተክሉን ግንዱን ይዞ መጎተት አያስፈልግም፤ ማሰሮውን በመዶሻ ከጎን መስበርና አፈሩን እንዳለ ማስገባት ይቀላል።